የሰባት ቤት ሠንጠረዥ

ጥር 27 ቀን 2000 ዓ.ም.

እሁድ ሽማግሌ ተላከብን። ሦስት አዛውንት በዚህ በሰፈራችን በሲቀላ ሙቀት ጋቢ ደርበው መጡና ደጃፉ ላይ ቆሙ። አባዬ "ኧረ ግቡ፣ ተቀመጡ" ሲል፣ "የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም" ይላሉ። ላባቸው በግንባራቸው ሲወርድ በጓዳው መጋረጃ አጮልቄ እያየሁ ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩት። እማዬ ቆነጠጠችኝ።

የላካቸው ሀብተሚካኤል ነው፤ ፓምፕ የሚጠግነው ሀብቴ። እኔ ጸሐፊ የሆንኩበት የሙዝና የማንጎ አምራቾች ማኅበር የውሃ ፓምፕ በተበላሸ ቁጥር እየመጣ ነው የተዋወቅነው። የቢሮ ጓደኛዬ ኢየሩስ፣ "ዘንድሮ ይሄ ፓምፕ ብልሽት አበዛ። አንቺ ስትገቢ ነው እንዴ የሚበላሸው?" ትለኛለች።

አባዬ መልሱን ከመጋቢት ሚካኤል በኋላ ላለው እሁድ ቀጠራቸው። እስከዚያ ዘመድ ይቆጠራል፣ እስከ ሰባት ቤት። እኛ ከጨንቻ የወረድን ነን፣ እነሱ ከካምባ። አባዬ፣ "አገሩ ቢራራቅም ሰው ይሄዳል፣ ያገባል፣ ይወልዳል። ሳይቆጠር አይሆንም" አለ።

ሽማግሌዎቹ ከሄዱ ጀምሮ ቤቱ ሁሉ ደስ ብሎታል። እማዬ ዕቃ እያጠበች ታንጎራጉራለች። እኔም ደስ ብሎኛል መሰለኝ።

የካቲት 3 ቀን

ከሥራ በኋላ ላይኛው ሰፈር ሴቻ ወጥቼ የምማረው የኮምፒውተር ኮርስ ዛሬ አክሰስ የሚባል መረጃ በሠንጠረዥ ማደራጃ ፕሮግራም ላይ ደረሰ። መምህራችን ካሌብ ገና ወጣት ነው፤ ሲያስረዳ በጠመኔ የነጣ እጁን ሱሪው ላይ ይጠርጋል።

"ሠንጠረዥ ማለት እንዲህ ነው" አለ። "እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ነገር ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ላም፣ አንድ ካሳ ማንጎ። እያንዳንዱ ዓምድ ደግሞ ስለዚያ ነገር የምታውቁት አንድ ጉዳይ ነው። ስም፣ ዕድሜ፣ ቀለም። በአንድ ዓምድ ሁለት ጉዳይ የጨመረ ሰው ሽሮና በርበሬ በአንድ ዕቃ እንዳስቀመጠ ነው። ኋላ ማን ይለይለታል?"

የቤት ሥራ ሰጠን። ሁሉም የራሱን ዳታቤዝ፣ ማለት የመረጃ ስብስብ፣ ይሠራል፣ ኮርሱ ሲያልቅ ክፍሉ ፊት ያሳያል። ኮምፒውተር የምጋራት ያቺው ኢየሩስ ናት። እሷ የቤተ ክርስቲያናቸውን መዘምራን እመዘግባለሁ አለች። አንዱ የሱቁን ዕቃ፣ ሌላው የተማሪዎቹን ውጤት። ተራው እኔ ላይ ሲደርስ አፌ ላይ የመጣው "ዘመዶቼን" የሚል ነው። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ቲቸር ካሌብ ግን አልሳቀም።

"በጣም ጥሩ" አለ። "የዚህ ፕሮግራም ጥቅሙ ሠንጠረዥን ከሠንጠረዥ ማዛመዱ ነው። ካንቺ የተሻለ ርዕስ ማን አገኘ?"

አስቤበት አልነበረም። ግን አባዬ በጣቱ ሲቆጥር መሃል ላይ እየጠፋበት እንደገና ከመጀመር እኔ በማሽን ብቆጥርለትስ?

የካቲት 9 ቀን

ቀኑን ሙሉ እማዬን ስጠይቃት ዋልኩ። አያት፣ ቅድመ አያት፣ የአክስት ልጅ፣ የሞተ፣ የተሰደደ። ሁለት ሠንጠረዥ ይበቃኛል። አንዱ ለሰዎች፣ አንዱ ለወላጅነት፤ ይኸኛው ልጅና ወላጅ የሚሉ ሁለት ዓምዶች ብቻ አሉት። እማዬ ስምንት ስለወለደች ስሟ እዚያ ስምንቴ ይደገማል። በሰዎቹ ሠንጠረዥ ውስጥ ግን ማንም ቢሆን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚገባው። ለዚህ ነው ቁልፍ፣ ማለት እያንዳንዱን ረድፍ የሚለይ የማይደገም ምልክት፣ የሚያስፈልገው ይላል ቲቸር ካሌብ፤ ማንም ከማንም ጋር እንዳይምታታ። ቁልፍ ቁጥር ቢሆን ይሻላል ብሏል።

እኔም ወረቀት ላይ ከየስሙ ፊት ቁጥር አደረግሁ። እማዬ ሽንኩርት እየላጠች መጥታ አየችው።

"ይሄ ምንድን ነው? እናቴ አሥራ አንድ ናት?"

"ለኮምፒውተሩ ነው እማዬ።"

"በቁጥር የሚጠራ እስረኛ ነው። ሰው አይቆጠርም፣ ልጄ። ቁጥር የለጠፉበት ነገር ይጎድላል። ስማቸው ምን አጠፋ?"

እውነትም ስማቸው ምን አጠፋ? ቁጥሩን ሰረዝኩና ስሙን ራሱን ቁልፍ አደረግሁት። በሕይወት ላሉት የአባት ስም ጨመርኩ። አባታቸው ለማይታወቅ ሙታን ስማቸው ብቻውን ይበቃል። የእማዬ አያት አባት ዳልጮ ይባላሉ፤ አባታቸውን የሚያስታውስ የለም። ዳልጮ ብዬ ጻፍኩ።

ቲቸር ካሌብ ሲያይ ይቆጣ ይሆናል። ይቆጣ። ከእማዬ ቁጣ የእሱ ይቀላል።

የካቲት 15 ቀን

ሀብቴ የወገኖቹን ስም አመጣልኝ። ሴቻ፣ ሐይቁ ወለል ብሎ ከሚታይበት ጭማቂ ቤት ተቀመጥን። ወረቀቱ ላይ የግሪስ ጣት አሻራ አለበት። እናቱ ያወቀችውን ነግራው፣ ያላወቀችውን ካምባ ላሉት አያቱ ሰው ልካ አስጠይቃ ነው። አያቱ ልክነሽ ይባላሉ፣ ዓይናቸው ደክሟል እንጂ አእምሯቸው ስለት ነው አለኝ።

ከዚያ ስለ ቤት አወራ። ከገበያው ጀርባ ቤት አግኝቷል። በር ላይ የፓፓያ ዛፍ አለ። አልጋው በዚህ በኩል፣ ቁም ሳጥኑ በዚያ በኩል። ሠርጉ ዳግማይ ትንሣኤ ዕለት። እናቱ ድግሱን ጀምራለች። ሁሉ ነገር ደርሷል አለ። ሲያወራ እጁን ያወናጭፋል፤ ብርጭቆዬን ሁለቴ ሊያፈሰው ነበር። እኔ ዝም ብዬ ስስቅ ነበር።

ስመለስ ምን እንዳልኩት ለማስታወስ ሞከርኩ። ምንም አላልኩትም ለካ። የጠየቀኝ ነገር ስላልነበረ ይሆናል።

የካቲት 19 ቀን

በጥድፊያ። መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። የሀብቴን ወገን አስገባሁ። ማሽኑ ሦስት አራቴ እምቢ አለኝ፤ ይህ አለ፣ አይደገምም እያለ ይጮሃል። አንዱን ሳየው እውነትም ራሴው ሁለቴ የጻፍኩት ኖሯል። የቀሩትም እንደዚያው ናቸው ብዬ አለፍኳቸው። ያለ ነገር ዳግም አይጻፍም፤ ጎበዝ ማሽን። ከዚያ ልጅ ከወላጅ ማገናኘት። ኢየሩስ ተራዋን ስትጠብቅ፣ "መዘምራኑ እስኪገቡ ጌታ ይመጣል" አለች። ጨረስኩ። መብራት ሄደ።

የካቲት 26 ቀን

ጾም ከገባ ሦስተኛ ቀን። ዛሬ ኩዌሪ ተማርን። ቲቸር ካሌብ፣ "ሠንጠረዥ ያስቀምጣል፣ ኩዌሪ ይጠይቃል። ደህና አድርጎ ለጠየቀው ማሽኑ የሚፈልገውን ረድፍ ብቻ መርጦ ያወጣለታል" አለ።

እኔም ጠየቅኩት። ከእኔም ከሀብቴም በላይ፣ በሁለታችንም የዘር ሐረግ የሚገኝ ሰው ካለ አሳየኝ አልኩት። ባዶ እንዲመጣ እየጠበቅኩ፣ ለአባዬ አትሜ ይዤለት ልገባ እያሰብኩ።

አንድ ረድፍ መጣ። ዳልጮ።

ዘግቼ እንደገና ጠየቅኩት። ዳልጮ።

ኢየሩስ፣ "ምን አገኘሽ?" አለችኝ። ምንም አልኳት።

አሁን ቤት ነኝ። ሁሉም ተኝቷል። በእማዬ በኩል አራተኛ ቤት። በእሱ በኩል የአያቱ የልክነሽ አባት፣ ሦስተኛ ቤት። ሰባት አይሞላም፣ በእሱ በኩል የሰባት ግማሽ እንኳ አይሞላም። እማዬ እንዲህ ያለውን "ወንድምና እኅት" ነው የምትለው። ከካምባና ከጨንቻ የመጣን ሁለት ሰዎች በአንድ ፓምፕ አጠገብ ስንገናኝ ዘመዳሞች ኖረናል። ማን ጠይቂ አለኝ? አባዬ በጣቱ ይቁጠር ብዬ ብተወው ምን ነበረበት?

የካቲት 28 ቀን

አልተናገርኩም።

መጋቢት 3 ቀን

እማዬ ከጎረቤታችን ከእትዬ ወለቴ ጋር በአጥር ስታወራ ሰማሁ። "ልጅቷ ከሳችብኝ።" እትዬ ወለቴም፣ "ጾሙ ነው። ሙሽራ ደግሞ ትከሳለች፤ እኔ ቀሚሴ እስኪወልቅ ነበር የከሳሁት።" ሁለቱም ሳቁ። እማዬ ጨንቻ ላለ ሸማኔ የሠርግ ቀሚሴን ጥለት መርጣ ልካለች። አረንጓዴና ወርቃማ። እኔ ሰማያዊ ነው የምወደው። ሲመጣ ያምር ይሆናል።

ሀብቴ ፓምፑን ለማየት መጣ፤ ፓምፑ ደህና ነው። እኔ መጋዘን ገብቼ በማንጎ ካሳዎቹ መሃል ቆምኩ። ኢየሩስ የለችም ብላ ሸኘችው። ተመልሳ፣ "የዋሸሁበትን ምክንያት ንገሪኝና ንስሐዬን ልወቅ" አለችኝ። ከሳቅኩ በኋላ አለቀስኩ። አልነገርኳትም።

ሽማግሌዎች በእናት በኩል ያን ያህል ርቀው አይቆፍሩም ይባላል። ዝም ብል ማን ያውቃል? ግን እኔ አውቃለሁ። ልጅ ተወልዶ አንድ ቀን ትኩሳት ቢይዘው፣ "ያ ነገር ነው" እያልኩ ስኖር ታየኝ።

አንዳንዴ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቀለል ይለኛል። የፓፓያው ዛፍ፣ ቁም ሳጥኑ፣ ቀኑ፣ ጥለቱ፣ ሁሉም በአንዴ ይቆማል፤ እኔ እምቢ ሳልል። ይህን ለምን እንደጻፍኩ አላውቅም። ሀብቴ ምን አደረገኝ? ምንም። ዛሬ ከመጋዘኑ ሆኜ ድምፁን ስሰማ ለምን እንደዚያ ሆንኩ ታዲያ?

መጋቢት 7 ቀን

ቲቸር ካሌብ ሥራዬን ክፍሉ ፊት አነሳው። መጀመሪያ የምታሳየው እድላዊት ናት አለ። "ሕይወት ያለው ዳታቤዝ" አለው። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ ሥራዬ ያለበትን ፍላሽ ኪሴ ውስጥ እንደ ሌባ ጨብጬ ተቀመጥኩ።

መጋቢት 9 ቀን

ለአባዬ ነገርኩት። ከእንግዲህ አልቻልኩም፤ ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ነው።

ከግቢያችን ማንጎ ዛፍ ሥር ጫማውን እየጠረገ ነበር። ሁሉንም ዘረገፍኩለት፤ ማሽኑን፣ ዳልጮን፣ የደበቅኩትን ሁሉ። ይቆጣል ብዬ ነበር። ብሩሹን አስቀመጠ። ከዚያ፣

"ጎሳው ምንድን ነው?" አለ።

"የማን?"

"የእነሱ ዳልጮ። የእናትሽን ዳልጮ ጎሳ እናውቃለን። የእነሱስ?"

አላወቅኩም። ጎሳ የሚል ዓምድ አላስገባሁም። ከተማ ተወልጄ ጎሳ መጠየቅ የሽማግሌ ወሬ ይመስለኝ ነበር።

"በዚያ ሁሉ ተራራ ላይ ስንት ዳልጮ አለ መሰለሽ?" አለ አባዬ። "አንድ ሰው ሁለት ጎሳ የለውም። የእነሱ ሌላ ከሆነ ሰውየውም ሌላ ነው። አንድ ከሆነ ደግሞ..." አልጨረሰውም። ጭንቅላቴን ዳበሰኝ። "ይህን ሁሉ ሳምንት ብቻሽን ተሸከምሽው?"

ያን ሲል ነው የተንሰቀሰቅኩት።

መጋቢት 10 ቀን

ቲቸር ካሌብን ከክፍል በኋላ ጠየቅኩት። ሁለት ሰው አንድ ስም ቢኖረው?

ፋይሌን ከፍቶ አየና በረጅሙ ተነፈሰ። "ስምን ቁልፍ አደረግሽ? ሁለተኛውን ስትጽፊ አልተቀበለሽማ።"

"እምቢ አለኝ። ቀድሞ የተጻፈ ስም ነው ብዬ አለፍኩት።"

"አንቺም የሁለተኛውን ልጅ ከመጀመሪያው ጋር አያያዝሽው።" ሳቀ፣ ግን በደግነት። "ማሽኑ ሰው አያውቅም እድላዊት። ፊደሉ አንድ ከሆነ ለእሱ ሰውየው አንድ ነው። ለዚህ ነበር ቁጥር ያልኩሽ።"

እንደገና ሠራሁት። ለእያንዳንዱ ቁጥር ሰጠሁ፣ እማዬ ይቅር ትበለኝ። ጎሳ የሚል ዓምድም ጨመርኩ። ሁለቱን ዳልጮዎች በሁለት ረድፍ አስቀምጬ ጠየቅኩ። ባዶ መጣ። ለማተም ስል ተውኩት። ሁለት ናቸው ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማሽኑ የነገርኩትን ነው መልሶ የነገረኝ። ያኔ አንድ ናቸው ብዬው ነበር፣ እሺ አለኝ። ዛሬም እሺ አለኝ። የልክነሽ አባት ጎሳ የሚለው ቦታ ባዶውን ቁጭ ብሏል። እሱን የሚሞላው ካምባ ነው ያለው።

መጋቢት 12 ቀን፣ ሚካኤል

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሀብቴን ጠብቄ ነገርኩት። ፊቱ ጠቆረ።

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ጾም እንደገባ።"

"ያን ጊዜ ሁሉ ስመጣ የለችም እየተባልኩ... ለማሽን ነግረሽ እኔን ደበቅሽኝ?"

ፈራሁ አልኩት። ምኑን እንደፈራሁ አልጠየቀኝም። ነጭ ልብሱን እንደለበሰ፣ "ነገ ካምባ እሄዳለሁ" ብሎ ጥሎኝ ሄደ። አካሄዱ የተቆጣ ሰው አካሄድ ነው። ደግሞም የቸኮለ።

ሌሊቱን በሙሉ ዘነበ።

መጋቢት 14 ቀን፣ እሁድ ማታ

ሳልረሳው ልጻፈው።

ሽማግሌዎቹ በቀጠሯቸው መጡ። ሀብቴ አልተመለሰም። የካምባ መንገድ በጭቃ ተይዟል፣ አይሱዙዎች ቆመዋል ተባለ። አባዬ መልስ ከመስጠት ወሬ ጀመረ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሙዝ ቅጠል በሽታ፣ ስለ አባያ ሐይቅ መሙላት። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ትልቁ ሽማግሌ፣ "ሙዙስ ሙዝ ነው፣ የእኛስ ነገር?" አሉ። አባዬ፣ "ይደርሳል፣ ይደርሳል" አለ። እኔና እማዬ ጓዳ ነን። እማዬም አባዬ ስለነገራት ታውቃለች፤ መቁጠሪያዋን ይዛ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

የጓዳው የኋላ በር ተንኳኳ። ሀብቴ ነው። እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ ፀጉሩ ላይ ሳይቀር። መኪናው ተይዞ ግማሹን መንገድ በእግሩ ነው የመጣው። ማግባት ያሰበ ሰው ሽማግሌ በተቀመጠበት ቤት መታየት የለበትም፤ ጎትቼ አስገባሁትና በሩን ዘጋሁ።

"ሌላ ነው" አለ እያለከለከ። "ጎሳውም ሌላ፣ ሰውየውም ሌላ። አያቴ ሳቀችብኝ። 'አባቴ ንብ አናቢ ነበር፣ ከቀፎው ርቆ አያድርም፣ ጨንቻን በዓይኑ አላየም' አለችኝ።"

የእማዬ ዳልጮ ሸማኔ ነበሩ። እማዬ ይህን ሰምታ መቁጠሪያውን አንገቷ ላይ ጣለችና ለአባዬ ጆሮ ለመንገር እየሮጠች ወጣች።

ሁለታችን ቀረን። ሀብቴ ወለሉ ላይ የተወውን ጭቃ እያየ፣ "መንገዱን ሙሉ ግን ሳስብ የነበረው ዳልጮን አይደለም" አለ። "ዘመድ ሆነን ብንገኝ ደስ ይልሽ እንደሆነ ነው።"

መልስ ለመስጠት አፌን ስከፍት አባዬ "እድላዊት!" ብሎ ተጣራ።

እንደነበርኩ ገባሁ፣ ሽሮ የነካ ቀሚሴን ሳልቀይር። ሽማግሌዎቹ ቀና አሉ። አባዬ ቆሞ ነበር።

"ዘመድ ተቆጥሯል" አለ። "ንጹሕ ነው። የሞተውም ያለውም ተጠይቋል፤ ካምባ ድረስ ተሂዶ ተጠይቋል። ያልተጠየቀች አንቺ ብቻ ነሽ። እኔም አልጠየቅኩሽም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጁን ትፈልጊዋለሽ?"

ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ኧረ ይሄ እንኳ ወግ አይደለም። ሴት ልጅን በሰው ፊት..."

"ለእኔ ወግ ነው" አለ አባዬ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩ ሁሉ እኔ ዘንድ መጥቶ ቆመ። ማሽን የለም፣ ቀን የቆረጠልኝ የለም፣ እምቢ ብል የሚያስገድደኝ የለም። ያ ሲቀለኝ የነበረው ነገር የት እንደገባ ፈለግኩት። የለም። ያለው ጓዳ ውስጥ ጭቃ ለብሶ ትንፋሹን ይዞ የሚያዳምጥ ሰው ብቻ ነው። እሱን እንደምፈልገው ያወቅኩት እዚያው ቆሜ ነው።

"አዎ" አልኩ። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ወጣ።

እማዬ እልልታውን አቀለጠችው። ከጓዳ ደግሞ የሆነ ነገር ወድቆ ተሰበረ፤ ድስቱ ይመስለኛል። ሽማግሌዎቹ ወደ መጋረጃው ዞሩ።

"ድመት ናት" አለ አባዬ፣ እና ቁጭ አለ።